የእታለም የሹራብ መቀነት

የመጨረሻው ተራ ቀን ማክሰኞ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አሰላ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል፤ ጭላሎ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ የት እንዳለ አይታወቅም። እታለም ግን ፊቷ ፈክቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ለእሷ የገበያ ቀን ነው።

«ብርድ ጠላቴም እንጀራዬም ነው» ትላለች ሁልጊዜ።

እታለም የምለው ታላቅ እህቴን ነው። ስሟ አዳነች ነው፤ ሰፈሩ አዱ ይላታል። ሹራብ ሠሪ ነበረች። ነበረች ብዬ መጻፍ ገና አልለመድኩም። ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

ሱቋ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግማሹን የሹራብ ማሽኑ ይዞታል። በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ እኔ ሞባይል እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የተማሪ ሹራብ ትእዛዝ ተከምሯል፤ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ። ማሽኑ ወዲህ ሲመጣ ቸርርር፣ ወዲያ ሲሄድ ቸርርር ይላል።

ረፋዱ ላይ ሙና ገባች። ሙና ጎረቤታችን ናት። ባሏ አማን ከእታለም ባል ከገመቹ ጋር አንድ ኮምባይነር ላይ ነው የሚሠራው። ገመቹ ኦፕሬተር ነው፣ አማን ረዳቱ። በዚያ ሰሞን ሁለቱም ወደ ባሌ ለአጨዳ ወርደው ነበር።

«ቆሪ ነ አጄሴ!» አለች ሙና በሩ ላይ ጃንጥላዋን እያራገፈች። «ብርዱ ገደለኝ፣ አዱ።»

«መጀመሪያ ሰላም በዪ አንቺ!» አለች እታለም። ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ነው የምታወራው።

«እኔ ሰላም ነኝ፤ ሰላም ያጣው ሆዴ ነው። እዚህ ጋ፣ ከእምብርቴ በታች፣ ጨምድዶ ይይዘኛል። ስቀመጥ ይወጋኛል።»

«ባልሽ ባሌ ሆኖ ማን ያሙቅሽ? ቆይ፣ እኔን ያዳነኝ አለ።»

ከማሽኑ ስር ካርቶን ሳበችና ሁለት መዳፍ የሚሰፋ የሹራብ መቀነት አወጣች። ድርብ ክር ነው። ከዚያ የራሷን ሹራብ ከፍ አድርጋ ወገቧ ላይ ያለውን አሳየቻት። የእሷ ግራጫ ነበር።

«ይሄን ከመጋቢት ጀምሮ አልፈታሁትም። ባል ይመጣል ይሄዳል፣ ይሄ አይለየኝም።»

ሁለቱም ሳቁ። እታለም ስትስቅ አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች። የሙናን ወገብ በስንዝር ለካች። በሜትር ለክታ አታውቅም፤ ስንዝሯ አይሳሳትም። «አራት ሆነሽ! አማን ሲመጣ አያውቅሽም፣ ከስተሻል» አለቻት። መቀነቱንም በራሷ እጅ አስታጠቀቻት።

እኔ የአንድ ስልክ ብሎን እየፈታሁ ነበር። ብሎኗ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ቀና አላልኩም። ሁለቱን የያዛቸው ብርድ እንዳልሆነ ከዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሙና ስትወጣ እታለም ቀኝ ትከሻዋን አሻሸች። «ይሄ ደግሞ ምን ሆነ ዛሬ? ማሽኑ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «ቢጫውን ክር ለማንም እንዳትሸጥብኝ።»

ቢጫው ክር መደርደሪያው ላይ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። ካረገዘች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። የምናውቀው እኔና ባሏ ብቻ ነን። ላልተወለደ ልጅ ልብስ መሥራት አትወድም፤ ክር ማስቀመጥ ግን ምንም የለውም ብላለች።

ማክሰኞ እንዲህ አለፈ።

*

እናታችን ስትሞት እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እታለም ስምንተኛን እንደጨረሰች ነው። ትምህርቷን እዚያው አቁማ ከአንዲት ሴትዮ ዘንድ ሹራብ ተማረች። እኔን ያሳደገችኝ በዚያች ማሽን ነው። ይህን ብዙ ሰው ስለ እህቱ ይል ይሆናል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሹራቤ አጥሮኝ እጅጌው ክርኔ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ክር አልቋል። የራሷን ሰማያዊ ሹራብ አወለቀችና ከአንገቱ ጀምራ መተርተር ያዘች። «እጅህን ዘርጋ» አለችኝ። እሷ ስትተረትር ክሩ በሁለት እጆቼ ላይ ይጠመጠማል። ሹራቡ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አለቀ። ያን ክረምት እሷ በነጠላ ነው የከረመችው። ብርድ የለም እንዴ ስላት፣ «ብርድ ሹራብ ሠሪን አይደፍርም» አለችኝ።

ማታ ማታ ሳጠና ጮክ ብዬ እንዳነብ ታዘኛለች። «እጄ ሥራ ይዟል፣ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈትቷል። አንብብልኝ።» የባዮሎጂ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እየተረጎምኩ በአማርኛ እነግራታለሁ። አንዴ የሰማችውን አትረሳም። የልብን ክፍሎች ከሰማች በኋላ ለደንበኞቿ፣ «ልብ እንኳ አራት ክፍል አላት፣ እኔ በአንድ ክፍል ሱቅ እሠራለሁ» እያለች ታስቃቸው ነበር።

አንድ ቀን የአባላዘር በሽታዎች የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ርእሱን አየሁና ጆሮዬ ጋለ። ለእህቴ፣ እንደ እናት ላሳደገችኝ፣ ያንን እንዴት ብዬ ነው የምተረጉመው? ገጹን ገለበጥኩ።

«ቆይ፣ ሁለት ቅጠል ነው የገለበጥከው» አለች። እጇ ሥራ ላይ ሆኖ ዓይኗ አየኝ።

«ይሄ ለፈተና አይመጣም።»

«አይመጣም ያለህ ማነው?»

«መምህሩ።»

እውነት አልነበረም። ትንሽ አየችኝና ሳቀች፣ አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች። «እንግዲህ መምህሩ ካለ» አለች። ማሽኑን ቀጠለች።

ለፈተና መጣ። ሰውን ለአባላዘር በሽታ የሚያጋልጡ ነገሮችን ዘርዝሩ የሚል ነበር። ሁሉንም ጻፍኩ። ከአንድ በላይ የፍቅር ጓደኛ መያዝ፤ ያለ ኮንዶም መገናኘት፤ ሰክሮ ጥንቃቄን መርሳት፤ መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ፤ አንዱ ታክሞ ሌላው ሳይታከም መቅረት። ብዙ ሴቶች ምንም ምልክት ሳይሰማቸው በሽታው ማህፀንና ቱቦ ሊጎዳ እንደሚችልም ጨመርኩ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈበት።

ወረቀቱን ሳሳያት እታለም በፕላስተር ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። «የወንድሜ ነው» እያለች ለሰው ታሳያለች። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ምን እንደሚል አታውቅም። ጠይቃኝም ነበር፤ «ስለ ጤና ነው» ብዬ አለፍኩት። ያ ወረቀት ዓመታት ሙሉ ከራሷ በላይ ተለጥፎ ኖረ። እሷ ከስሩ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራ ነበር።

*

ገመቹን ሳገኘው ወደድኩት፣ አሁንም አልጠላሁትም። የሚቀለኝ ቢሆን ኖሮ እሱን ብቻ በወቀስኩ ነበር። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ልቡ ቸር ነው። አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነሩን ይዞ ከአሰላ እስከ ባሌ ይወርዳል፤ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይቆያል። እታለምን ካገባት ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጅ አልመጣም።

ባለፈው ጥር ከአጨዳ እንደተመለሰ ሱቅ መጣና፣ «ነገ ሁሩታ ጉዳይ አለኝ፣ አብረኸኝ ና» አለኝ።

«የምን ጉዳይ፣ ጋሼ?»

«ና አልኩህ እኮ። እንግሊዝኛ የምታነበው አንተ ነህ።»

ሚኒባስ ውስጥ ነገረኝ። ሽንት ሲሸና ያቃጥለዋል። ኮምባይነር ላይ የሚሠሩት ሁሉ ያውቁታል፣ የሞተር ሙቀት ነው ይሉታል። ቀኑን ሙሉ የጋለ ብረት አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ይሆናል። ከአንድ መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ሻጭ ክኒን ገዝቶ ነበር። ከአማን ጋር ተካፈሉት። ሕመሙ ለሁለት ቀን ተዋቸው። ከዚያ አማን ላይ አልተመለሰም፣ እሱ ላይ ግን ተመለሰ።

«ለምን ተካፈላችሁት?» አልኩት።

«ኮምባይነር ላይ ለብቻ የሚበላ የለም፣ አንተ። ውሃም፣ ዳቦም፣ ጫትም እኩል ነው። እሱም አመመኝ አለኝ፣ እኔ ብቻዬን ልውጥ?»

ሁሩታ ያለው ክሊኒክ ውስጥ አብሬው ካልገባሁ አልገባም አለ። ሲስተሯ በዕድሜ ጠና ያለች ናት። ስለ ክኒኑ ሲነግራት እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ተካፈላችሁት? ዳቦ ነው እንዴ?»

«የሞተር ሙቀት መስሎን ነው፣ ሲስተር።»

«የሞተር ሙቀት ሽንት አያቃጥልም፣ ወንድሜ። ይሄ ጨብጥ ነው። ግማሽ መድኃኒት በሽታውን ያስተምረዋል እንጂ አይገድለውም። በሥራ ላይ ስትቆይ ከሌላ ሴት ጋር ተገናኝተሃል?»

ገመቹ እኔን አየ፣ ከዚያ ወለሉን አየ። «አልፎ አልፎ። ስንጠጣ ነው።»

«ኮንዶምስ?»

«ስንጠጣ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ይሄ የመጀመሪያህ ነው?»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ማጠፍ ያዘ። ሲስተሯ አልጮኸችበትም። ይሄ ገረመኝ። «ሚስትህስ?» አለችው ብቻ።

«እሷ ምንም የላትም። ጤነኛ ናት።»

«ሴት ላይ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚቀመጠው። ሳያማት ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ልጅ አላችሁ?»

«ገና ነው። ሦስት ዓመታችን ነው።»

ሲስተሯ እስክርቢቶዋን አነሳች። ከዚያ ትንሽ ወረቀት ጻፈች። «ይሄን ለሚስትህ ስጣት። የትም ጤና ጣቢያ ይዛ ብትሄድ ያክሟታል። ሳትታከም ከእሷ ጋር እንዳትተኛ፤ አለዚያ እሷም አትድንም፣ አንተም መልሶ ይይዝሃል። ያንንም ጓደኛህን ንገረው። ተሻለኝ ማለት ዳንኩ ማለት አይደለም፤ እሱም ሚስቱም ይታዩ።»

ከዚያ የኤች አይ ቪ ምርመራ አደረጉለት። ነጻ ሆነ። ሲወጣ ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር። ሲፈራ የነበረው ያንን በሽታ ብቻ ነው። ምሳ ጋበዘኝ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቀለደ። ኤች አይ ቪ ከሌለ የቀረው ጉንፋን ነው የሚል ይመስል ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያው አሰብኩ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከተተው።

«አንተ ስጣት። እኔ ፊቷን ማየት አልችልም። አንተ ወንድሟ ነህ፣ አንተን አታባርርህም።»

«እሺ» አልኩ።

*

አልሰጠኋትም።

ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መጀመሪያ ያፈርኩ መሰለኝ። ያንን ገጽ የገለበጥኩት ልጅ አሁንም እኔው ነበርኩ። ከዚያ ፈራሁ። ትዳሯ ቢፈርስስ? በሕይወቷ ለራሷ ያገኘችው አንድ ነገር እሱ ነው። በእኔ እጅ ይፍረስ? ነገ እሰጣታለሁ አልኩ። ወረቀቱን የመታወቂያዬ ማኅደር ውስጥ ከመታወቂያው ጀርባ አስቀመጥኩት።

ከሳምንት በኋላ ገመቹ ብቻዬን አገኘኝ። «ሰጠሃት?»

«ሰጥቻታለሁ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልከበደኝም። አሁን ነው የከበደኝ።

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። እሺ አለች።»

«ታከመች?»

«ታክማለች።»

ገመቹ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። የሱቁን ጣሪያ ጠገነላት፣ ለዝናቡ ቦቲ ጫማ ገዛላት፣ ድምፁን እንኳ ቀነሰ። ይቅር ብላኛለች ብሎ ነው። እታለም ግራ ገባት። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ትለኝ ነበር እየሳቀች። «ሌላ ሚስት አግብቶ ነው እንዴ?» እኔም አብሬ እስቃለሁ።

መጋቢት ላይ ትኩሳት ያዛት፣ ከሆዷ በታች ታመመች። ማሽኑ ላይ ቁጭ ስትል ጥርሷን ትነክሳለች። ብርድ ነው አለች። የመጀመሪያውን መቀነት ያን ቀን ለራሷ ስትሠራ አየሁ። ግራጫ ክር፣ ድርብ።

«እታለም፣ ሐኪም ቤት ሂጂ» አልኳት።

«ለብርድ ሐኪም ቤት? እንግዲያ አሰላ ሁሉ ይተኛ!»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ኪሴ ድረስ ሄዷል። እዚያው ቀረ። ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ ለቀቃት፣ ሕመሙም ይመጣል ይሄዳል ሆነ። መቀነቱን የሰፈሩ ሴቶች ወደዱት። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ወንዶቹ ሙቀት ይሉታል፣ ሴቶቹ ብርድ ይሉታል። በሽታው አንድ ነው።

ሐምሌ ላይ ማርገዟን ስትነግረኝ አቅፌ አሽከረከርኳት። በልቤም፣ ካረገዘች ጤነኛ ናት ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወረቀቱ አያስፈልግም አልኩ። ልቀደው አወጣሁት፤ ሰው መጣና መልሼ ከተትኩት።

*

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ከማሽኑ ላይ ተነስታ፣ «ዞረብኝ» አለች። ፊቷ እንደ ነጭ ክር ሆነ። ሆዷን በሁለት እጅ ያዘች። «መቀነቱን አጥብቅልኝ» አለችኝ። አጠበቅኩላት። እግዚአብሔር ያያል፣ በእጄ አጠበቅኩላት። ከዚያ ወደቀች።

ሙና ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ባጃጅ ውስጥ የእታለምን ራስ ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ሆስፒታል ደረስን። ወዲያው ነው የተቀበሏት። እየሮጡ ነው ያስገቧት። ነገር ግን ደሟ ሆዷ ውስጥ ሲፈስ ቆይቶ ነበር፣ ምናልባት ከማክሰኞ ጀምሮ። ትከሻዋን ያመማትም ያው ደም ነው እንጂ ማሽኑ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ዶክተር ወጣ። አጠገባችን ተቀመጠ። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ እንዳልነበረ ነገረን። ቱቦው ላይ ነው የቀረው፣ ቱቦውም ፈነዳ። ቱቦው ቀድሞ በቆየ ኢንፌክሽን ተጎድቶ ጠባሳ ነበረበት። አላተረፏትም። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀን፤ «ከዚህ በፊት ከሆዷ በታች ያማት ነበር?»

እኔ ወለሉን አየሁ። ሙና ናት የመለሰችው።

«ብርድ ነበረባት፣ ዶክተር» አለች እያለቀሰች። «እኔንም ይዞኛል።»

ዶክተሩ ወደ እሷ ዞረ። ያን ጊዜ ግን ከውስጥ ጠሩትና ሄደ። «እኔንም ይዞኛል» ያለችው ቃል እኔ ጋ ቀረች።

ሐሙስ ቀበርናት። ገመቹ ከባሌ ሌሊቱን ተጉዞ ለቀብሩ ደረሰ፤ ልብሱ ላይ የስንዴ ገለባ ነበር። አማን ኮምባይነሩን ለመጠበቅ እዚያው ቀርቷል። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ገመቹ አጠገቤ ተቀመጠና በጆሮዬ፣ «አንድ ቀን እንኳ ፊት አልነሳችኝም» አለኝ። «እንደዚያ በድያት አንድ ቃል ሳይወጣት ይቅር አለችኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም አልኩት። ሌላ ምን ልበል። ዙሪያችን የተቀመጡት ሰዎች ይህች ብርድ ስንቱን ጨረሰች እያሉ ያወራሉ።

*

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሱቁን ከፈትኩ። ማሽኑ ላይ ግማሽ ሹራብ እንደተንጠለጠለ ነበር። ፈተናዬን ከግድግዳው ላይ አነሳሁት፤ ፕላስተሩ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ተላቀቀ። በእሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በጀርባው በአማርኛ ተረጎምኩት። ጨብጥ የሚለውን ጨብጥ፣ ኮንዶም የሚለውን ኮንዶም ብዬ። አንድም መስመር አልዘለልኩም። ሳነበው ለሹራብ ሠሪ የሚከብድ ምንም ነገር አልነበረበትም። አንዴ ብትሰማው ኖሮ እድሜ ልኳን አትረሳውም ነበር።

ከዚያ ድንኳን ሄድኩ። ገመቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። የሁሩታውን ወረቀት ከመታወቂያዬ ጀርባ አወጣሁና ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው ነው ያወቀው።

«ሰጥቻታለሁ ብለኸኝ ነበር» አለ።

«አልሰጠኋትም። አላወቀችም። አልታከመችም።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። አልመታኝም።

«ታዲያ ይቅር ያለችኝ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ወረቀቱን እያየ ቆየ። አንገቱ እንደ ሽማግሌ አንገት ሆኖ ታየኝ።

«ለአማን ነግረኸው ነበር?» አልኩት።

«አልነገርኩትም። እሱ እኮ ድኗል ብዬ ነው።»

«ሙና መቀነት ታጥቃለች፣ ጋሼ።»

ይሄን ሲሰማ ቀና አለ። ስልኩን አወጣ። ሲደውል አላዳመጥኩም፤ ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ አንስቼ ወጣሁ። «አማን፣ እኔ ነኝ፣ ቁጭ በል» ሲል ብቻ ሰማሁት።

ሙና በሯ ላይ ለለቅሶ ቤት የሚሄድ ዳቦ በሰፌድ እየደረደረች ነበር። ዓይኗ አብጧል። ስታየኝ ልታቅፈኝ ተነሳች።

«ቁጭ በዪ፣ ሙና። የማነብልሽ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ለእታለም ማንበብ የነበረብኝ ነው።»

አነበብኩላት። ድምፄ ይቆራረጥ ነበር፣ ጆሮዬም እንደዚያን ጊዜው ጋለ፤ ቀጠልኩ። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ስለ ሴቶቹ የሚለው ጋ ስደርስ እጇ ሆዷ ላይ ሄደ።

«ቆይ» አለች። «አዱ ጨብጥ ነበረባት እያልከኝ ነው?»

«ነበረባት። ያመጣችው ግን እሷ አይደለችም። ዘጠኝ ወር የሐኪም ወረቀት በእጄ ይዤ ሳልነግራት የቀረሁት እኔ ነኝ… ስምንት ወር ነው፣ እንጃ፣ ቆጠራው ጠፍቶብኛል። እኔ ነኝ።»

«አማንስ?»

«የዚህን በሽታ ክኒን ከገመቹ ጋር ተካፍሏል።»

ልትሰድበኝ የፈለገች መሰለኝ፤ ከንፈሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ለራሷ አለች፣ አልሰማኋትም። መቀነቱን ፈታችና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። በጣቷ የእታለምን ስፌት ዳሰሰችው።

«ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ይከፈታል?» አለች።

«ተከፍቷል።»

ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች። መቀነቱን ልትተወው መስሎኝ ነበር፤ መልሳ ታጠቀችው።

«ብርዱም እኮ አለ» አለች።

ጃንጥላዋን ከፈተች። እኔ ሁለቱን ወረቀቶች ዝናብ እንዳይነካቸው ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ከፊቷ ሄድኩ።